የሻወር እጣቢ ለሽንት ቤት፦ የፍላሹ ተንሳፋፊ እየተደፈነ ተቸግሬያለሁ

ቤቱ ደሴ ነው፤ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ። ሽንት ቤቱ በአንድ ልቀት 9 ሊትር ስለሚበላ የሻወሩን እጣቢ በ50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ወደ 200 ሊትር በርሜል አዙሬ፣ ከዚያ በትንሽ ዲናሞ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለ 100 ሊትር ሮቶ እገፋዋለሁ። የወጥ ቤቱን አላስገባሁም፤ ቅባቱ ሁሉን ያበላሻል። ከቧንቧው መስመር ጋርም አላገናኘሁትም፣ ፈረቃው ሲቋረጥ እጣቢውን ወደ መጠጥ ውኃው ሊስብ ይችላልና።

ሮቶው ከፍላሹ በ1.5 ሜትር ብቻ ስለሚበልጥ ግፊቱ 0.15 ባር ገደማ ነው። የተንሳፋፊው (ፍላሹ ሲሞላ ኳሱ ተነሥቶ ውኃውን የሚዘጋው ቫልቭ) ቀዳዳ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር። ንጹሕ ሆኖ እንኳ ለመሙላት 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ በሦስተኛው ቀን የሳሙና ዝቃጭ ይደፍነዋል። በርሜሉ አፍ ላይ የናይለን ወንፊት አሰርኩ፤ ፀጉሩን ያዘ፣ ዝቃጩ ግን አለፈ። በረኪና ሽታውን ቢቀንስም የቫልቩ ጎማ ደርቆ ማንጠባጠብ ጀመረ። ኮርኒሱ ስለሚከለክል ሮቶውን ከፍ ማድረግ አይቻልም።

ቀዳዳውን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ብሰረስረው በዚህ ግፊት ኳሱ ለመዝጋት ኃይል አያንሰውም፣ በ2 ደቂቃ ከምናምንም ይሞላል፤ ችግሩ ጎማው ጠባብ ስለሆነ አይሸፍነውም። ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ፣ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ተንሳፋፊ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የቧንቧ ዕቃ ሱቆች ውስጥ ምን ብዬ ልጠይቅ?