የሎዋርን ሸለቆ በብስክሌት፦ ከኦርሌያን እስከ ናንት በሳምንት ይቻላል?

ሁለት ጎማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ፈረንሳይ ሄደን የሎዋርን ወንዝ ይዘን በብስክሌት ልንጓዝ ነው። ያለን ጊዜ ሳምንት ገደማ ነው። ያሰብነው ከኦርሌያን ተነስተን ናንት መድረስ ሲሆን መንገዱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ካርታው ላይ ሜዳ ይመስላል፤ ሁለታችንም ብስክሌት የለመድን ነን፤ ስለዚህ በቀን 60፣ 70 ኪሎ ሜትር የሚከብደን አይመስለኝም፤ ሻንጣ ጭነን ቀናትን ተከታትለን ግን ሄደን አናውቅም። መንገድ ላይ ያሉትን ታሪካዊ ቦታዎች በሙሉ ማየት እንፈልጋለን፦ ሻምቦር፣ ብሉዋ፣ አምቧዝ፣ ሸኖንሶ፣ ቪላንድሪ፣ ሶሚዩር፣ አንዤ። ባለቤቴ በተለይ ታሪክ በጣም ትወዳለች።

ይሄ ሁሉ ይሆናል? ድንኳን እንያዝ ወይስ ቤት ይገኛል? ብስክሌት ይዞ ባቡር መግባትስ እንዴት ነው? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩን።

የሰንሰለት ዘይት፦
መንዳቱ ይሆናል። ማየቱ ነው የማይሆነው። 60 ኪሎ ሜትር ሻንጣ ተጭኖ፣ ውሃ ለመቅዳት፣ ዳቦ ለመግዛት፣ ካርታ ለማየት እየቆማችሁ፣ ሙሉ ቀን የሚባል ነገር ነው። ትልቅ ቤተ መንግሥት በወጉ ለማየት ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

ሻምቦርን ብቻ ውሰዱ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ ግንባታውን ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1519 ነው። ክፍሎቹ ከ400 በላይ ናቸው። መሃሉ ላይ ያለው ደረጃ ሁለት ጠመዝማዛ መውጫ ስላለው አንዳችሁ በአንዱ ስትወጡ ሌላችሁ በሌላው ብትወርዱ በመስኮቶቹ ትተያያላችሁ እንጂ አትገናኙም። ግቢው ራሱ 32 ኪሎ ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ ደን ነው፤ ውስጡ የብስክሌት መንገድ አለው፤ አጋዘንና ከርከሮ ይኖርበታል። እዚያ የገባ ሰው በዚያው ቀን ሌላ ቤተ መንግሥት ልይ ቢል ዓይኑ እንጂ ልቡ አይከተለውም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ከእነዚህ ውብ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ሎዋር ላይ አይደሉም። ሸኖንሶ ያለው ሼር በሚባለው ገባር ወንዝ ላይ ነው። አዜ ለ ሪዶ የሚባለው ቤተ መንግሥት አንድር በሚባለው ወንዝ ላይ ነው። የሺኖን ምሽግ ቪዬን በሚባለው ወንዝ ላይ ነው። ናንት ለመድረስ ተቻኩሎ ዋናውን ወንዝ ብቻ የሙጥኝ ያለ ሰው ሸለቆውን ዝነኛ ያደረጉትን ነገሮች በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ስቶ ያልፋቸዋል። ለእኔ ይሄ ያሳዝናል።

ስለዚህ ናንትን ተዉት። በብሉዋና በሶሚዩር መካከል ያለውን ያዙ፤ በየገባሩ ወጣ ግባ እያላችሁ። ከአንዤ ወዲያ ያለውም መንገድ ቆንጆ ነው፤ ግን ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ ወንዙ የትም አይሄድም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ከሱሊ እስከ ሻሎን ያለውን የሸለቆውን ክፍል በሙሉ ነው። መንደሩ፣ ወይኑ፣ የወንዝ ወደቡ፣ ሁሉም አብሮ ተመዝግቧል።

ባቡርን በተመለከተ፦ የአካባቢ ባቡሮቹ ብስክሌት ያስገባሉ። በበጋው ወራት ግን ቦታ ስለሚጣበብ አስቀድማችሁ አጣሩ። ፈጣኑ ባቡር ላይ ወይ ለብስክሌቱ ቦታ ቀድሞ መያዝ አለበት፣ ወይ ጎማው ተፈትቶ በከረጢት ይገባል።

ነፋስ ከፊት፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው አቅጣጫውን ቀይሩት ነው።

ሁሉም ሰው ወንዙ ወደሚፈስበት፣ ወደ ባሕሩ መሄድ ቁልቁለት ይመስለዋል። ቁልቁለቱ ለፔዳል የሚሰማ አይደለም። የሚሰማው ነፋሱ ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአትላንቲክ፣ ከምዕራብ ነው የሚመጣው። መንገዱ ብዙ ቦታ ላይ የሚሄደው ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጎርፍ ለመከላከል በተገነባው የአፈር ግድብ አናት ላይ ስለሆነ ዛፍ የለም፣ መከለያ የለም። ከሶሚዩር ተነስታችሁ ወደ ብሉዋ ብትመጡ ነፋሱ ከጀርባችሁ ሆኖ የሚያግዛችሁ ቀን ይበዛል። በባቡር ሶሚዩር መድረስ ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም።

ስለ ማደሪያ፦ እኔ ድንኳን እወዳለሁ። ትናንሽ ከተሞች ሳይቀሩ በማዘጋጃ ቤት የሚተዳደሩ የድንኳን ቦታዎች አሏቸው፤ ብዙዎቹ ወንዙ ዳር ናቸው፤ ሻወር አላቸው፤ ዋጋቸውም ቀላል ነው። ግን የመጀመሪያ ጉዟችሁ ከሆነ ድንኳኑና የመኝታ ከረጢቱ ብቻውን ብዙ ኪሎ ይሆናል፤ ቤት መያዝ ይሻላችኋል። “አኬይ ቬሎ” የሚል ምልክት የለጠፉ ማደሪያዎችን ፈልጉ። ይሄ ምልክት የሚሰጠው ምልክት ከተደረገበት የብስክሌት መንገድ ከ5 ኪሎ ሜትር ላልራቀ ማደሪያ ነው፤ ብስክሌት ቆልፎ ማሳደሪያና የጥገና ዕቃ ማቅረብ ግዴታቸው ነው።

ምግብ ላይ ተጠንቀቁ። ገጠር ውስጥ እሁድ ከሰዓትና ሰኞ ብዙ ሱቅ ዝግ ነው። ምግብ ቤት ምሳ የሚያቀርበው ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ነው፤ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ርቧችሁ ብትደርሱ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል ይሏችኋል፤ ለምኖ የሚገኝ ነገር የለም። ጠዋት ዳቦ ቤት ስታገኙ ዳቦና አይብ ገዝታችሁ ሻንጣ ውስጥ አድርጉ። ሳንት ሞር የሚባለው የፍየል አይብ የዚያው አገር ነው፤ በመሃሉ የገለባ ዘንግ ያልፍበታል። ውሃ ሲያልቅባችሁ የመንደሩን መቃብር ቦታ ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ቧንቧ አለው። “ኖን ፖታብል” የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አይጠጣም።

ሁለት ጎማ፦
በጣም አመሰግናለሁ! ባለቤቴ መልሶቹን አንብባ ወዲያው “ናንት ቀረ” ብላለች፤ እኔም ተስማምቻለሁ። ከሶሚዩር ብንጀምር በዚያ አካባቢ የግድ መታየት ያለበት ምንድን ነው? ትኬት ከፍለን ውስጥ ድረስ የምንገባባቸው ሁለት ሦስት ቦታዎች ብቻ ቢሆኑ የትኞቹን ትመርጡልናላችሁ? ደግሞ ሰኔ ስለሆነ ሲሞቀን ወንዙ ውስጥ መዋኘት ይቻላል?

ነጭ ድንጋይ፦
ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሎዋር ውስጥ አትዋኙ። ላዩ ዝም ያለ ነው። አሸዋው ግን ከእግር ስር ይሸሻል፣ ሥሩ ያለው ፍሰት ኃይለኛ ነው፤ ሰው በየጊዜው ይሞታል። አሸዋማ ደሴቶቹ ላይም በእግር አትሂዱ፤ በዚያ ወቅት ወፎች እንቁላል የሚጥሉት እዚያ ነው። መዋኘት ካማራችሁ ከተማ ስትደርሱ መዋኛ ገንዳ ጠይቁ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ከሶሚዩር ወደ ምሥራቅ ስትወጡ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ነጭ ገደል ታያላችሁ። ድንጋዩ ቱፎ ይባላል። ለስላሳ ስለሆነ በመጋዝ ይቆረጣል፤ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። የሸለቆው ቤተ መንግሥቶች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ የገበሬው ቤት ሳይቀር ከዚህ ድንጋይ ነው የተሠሩት። ድንጋዩ ከወጣ በኋላ የቀረው ጉድጓድ ባዶ አልቀረም፤ ሰው ቤት አደረገው፣ ወይን ጠጅ ማስቀመጫ አደረገው፣ እንጉዳይ አበቀለበት። ሱዜ ሻምፒኚ የሚባለው መንደር ጋ የብስክሌት መንገዱ ራሱ በዓለቱ ውስጥ ያልፋል፤ ከፀሐይ ወደ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ትገባላችሁ፣ ግራና ቀኝ ከዓለት የተፈለፈሉ በሮችና መስኮቶች አሉ። ለዚህ ትኬት አይከፈልም፤ ለእኔ ግን ከብዙ የሚከፈልበት ቦታ ይበልጣል። ፍጥነት ቀንሱ፣ መብራት አብሩ።

ከዚያ ካንድ ሳን ማርታን ትደርሳላችሁ። ቪዬን ሎዋርን የሚገናኘው እዚያ ነው። ቅዱስ ማርቲን፣ ወታደር ሳለ ካባውን ለሁለት ቆርጦ ለተራቆተ ድሃ የሰጠው፣ በኋላም የቱር ጳጳስ የሆነው፣ በ397 ያረፈው በዚህች መንደር ነው። የፖቲዬ ሰዎችና የቱር ሰዎች በአስከሬኑ ተጣልተው፣ የፖቲዬዎቹ እንቅልፍ ሲጥላቸው የቱሮቹ አስከሬኑን በመስኮት አውጥተው በጀልባ ወደ ከተማቸው ወሰዱት ተብሎ ይተረካል። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን አቀበት ብስክሌቱን እየገፋችሁ ውጡት፤ ሁለቱ ወንዞች ሲቀላቀሉ ከላይ ይታያል።

ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ፎንትቭሮ ገዳም አለ። ውስጥ ግቡ ካልኳችሁ አንዱ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1101 ተመሠረተ። መነኮሳቱም መነኮሳይያቱም የሚታዘዙት ለአንዲት እመ ምኔት ነበር፤ በዚያ ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ፣ ልጃቸው ሪቻርድ አንበሳ ልብና ንግሥት ኤሌኖር የድንጋይ ምስላቸው ተጋድሞ እዚያ ይታያል። ኤሌኖር መጽሐፍ ገልጠው እያነበቡ ነው የተቀረጹት። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ናፖሊዮን ገዳሙን እስር ቤት አደረገው፤ እስር ቤቱ የተዘጋው በ1963 ነው። ባዶውና ነጩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆማችሁ ይሄን ሁሉ ስታስቡት ቶሎ ለመውጣት አትቸኩሉም።

ሁለተኛው ሸኖንሶ ነው። ሕንፃው ወንዙን እንደ ድልድይ ተሻግሮ የተሠራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1942፣ ጀርመኖች የያዙትን ክልል ካልተያዘው የሚለየው ድንበር በሼር ወንዝ ላይ ያልፍ ነበር። ዋናው በር በተያዘው በኩል፣ የረጅሙ አዳራሽ የደቡብ በር ደግሞ በነፃው በኩል ሆነ። ሰዎች በዚያ አዳራሽ አልፈው አምልጠዋል። ሰው የሚያወራው ስለ ነገሥታቱ ሚስትና ውሽማ ነው፤ እኔ ግን ያን የደቡብ በር ዕዩልኝ እላለሁ።

ሦስተኛውን ባለቤትህ ትምረጥ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1519 ያረፈበት በአምቧዝ ክሎ ሉሴ የሚባለው መኖሪያ ቤት አለ። ኋላ የፈረንሳይን ጦር የመራችው ልጃገረድ ዣን ዳርክ በ1429 ገና ዘውድ ያልጫነውን ሻርል 7ኛን ያገኘችበት የሺኖን ምሽግም አለ።

የሰንሰለት ዘይት፦
በዚህ ከተስማማችሁ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ሶሚዩር፣ ካንድ፣ ፎንትቭሮ፣ ሺኖን፣ አዜ ለ ሪዶ፣ ቪላንድሪ፣ ቱር፣ አምቧዝ፣ ከአምቧዝ ወደ ሸኖንሶ ደርሶ መልስ፣ ብሉዋ፣ መጨረሻ ላይ ሻምቦር። ከ250 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ቪላንድሪ ከደረሳችሁ ሕንፃውን ትታችሁ የአትክልት ቦታውን ብቻ ዙሩ፤ ጎመኑና ቀይ ሥሩ እንደ ጥልፍ ነው የተተከለው።

ከሺኖን ወደ አዜና ከአምቧዝ ወደ ሸኖንሶ ስትሄዱ ከወንዙ ስለምትለዩ አቀበት አለ። ረጅም አይደለም፤ ሻንጣ ሲኖር ግን ይታወቃችኋል፤ ቀላል ማርሽ ያለው ብስክሌት ያዙ። መንገዱ አንዳንዴ አስፋልት፣ አንዳንዴ የተጠቀጠቀ ጠጠር ነው፤ ስስ የውድድር ጎማ አይሆንም፣ 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ትርፍ ካላማዳሪያና መንፊያ ይዛችሁ ሂዱ፤ መንደሮቹ ውስጥ የብስክሌት ሱቅ የለም፣ ያለው እንደ ሶሚዩር፣ ቱርና ብሉዋ ባሉ ከተሞች ነው። ደወልና መብራት በሕግ ግዴታ ነው። ከከተማ ውጭ በጨለማ የሚነዳ ደግሞ የሚያንፀባርቅ ሰደርያ መልበስ አለበት።

የሻምቦርን ትኬት ቀድማችሁ ግዙና ጠዋት በሩ ሲከፈት ግቡ። አውቶቡሶቹ ረፋድ ላይ ነው የሚደርሱት።