ሌችወርዝ ፓርክ፦ እናቴን ይዤ በየትኛው በር ብገባ ይሻላል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ጥቅምት እናቴን ይዤ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በጀነሲ ወንዝ ዳር የሚገኘውን የሌችወርዝ ፓርክ ለመጎብኘት አስቤአለሁ። እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ ይከብዳቸዋል። ብዙ ሳይራመዱ ሊያዩት የሚችሉት ፏፏቴ ይኖር ይሆን?

መልስ፦
ፓርኩ ወንዙን ተከትሎ 27 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ሲሆን፣ ሦስቱ ታላላቅ ፏፏቴዎች የሚገኙት በደቡቡ ጫፍ ስለሆነ በካስቲል በኩል መግባት ይሻላል። በሰሜን፣ በማውንት ሞሪስ በኩል ከገባችሁ ፓርኩን ከዳር እስከ ዳር በመኪና ማቋረጥ ይኖርባችኋል፤ ገደሉ ከላይ ሲታይ እጅግ ስለሚያምር ጊዜ ላለው ሰው ይህም አያስቆጭም። ለእናትዎ የምመርጠው መካከለኛውን ፏፏቴ ነው። ከፍታው 33 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት እንደተራመዱ ፊት ለፊት ይታያል። ውኃው በሚበዛበት ጊዜ ፍንጣቂው እስከ መመልከቻው አጥር ድረስ ስለሚደርስ ነጠላ ብቻ ደርበው እንዳይመጡ።

ሌላ መልስ፦
የታችኛውን ፏፏቴ ግን እናትዎ ቢተዉት ይሻላል፤ መውረጃው የድንጋይ ደረጃ ብዙ ነው፣ መመለሻው ደግሞ ዳገት። ከላይኛው ፏፏቴ በላይ የሚታየው የባቡር ድልድይ በ1875 የተሠራውን ተክቶ በ2017 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመረ ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምሳ ይዘን እንምጣ ወይስ እዚያው ይገኛል?

መልስ፦
ከመካከለኛው ፏፏቴ አጠገብ ያለው፣ ፓርኩ በስማቸው የተሰየመላቸው የዊልያም ሌችወርዝ መኖሪያ ቤት ዛሬ የእንግዳ ማረፊያና ምግብ ቤት ሆኗል። ሆኖም ቅጠሉ በሚቀላበት ሰሞን ቅዳሜና እሑድ ሰው ስለሚበዛ፣ ምሳችሁን ቋጥራችሁ በማለዳ ብትደርሱ ይመረጣል።