የአካባቢ ጥበቃ ፖሊስ መሆን እፈልጋለሁ፣ ባህር ዳር ላይ ከየት ነው የሚጀመረው?

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። አምና በባዮሎጂ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ እስካሁን ስራ ፍለጋ ላይ ነኝ። እውነት ለመናገር የቢሮ ስራ አያጓጓኝም፣ ሐይቁ ዳር በወጣሁ ቁጥር አንዱ መኪና አጥቦ ዘይቱን ወደ ጣና ሲለቀው፣ ሌላው ከግቢው ጀርባ ቱቦ ቀብሮ ጥቁር ውሃ ሲያወርድ አያለሁና ያበግነኛል። ውጭ አገር ለዚሁ ብቻ የተመደበ ፖሊስ አለ ይባላል። እኛ ጋ አለ ወይ? ካለ ፖሊስ ነው የምገባው ወይስ አካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት? ምንስ ልማር? አባቴ ፖሊስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ስለሚጠቁር አስረድቼ የማሳምንበት ነገር ስጡኝ በሞቴ።

ሚኪ ፋሲሎ
እምቦጩን በካቴና ልታስሪው ነው? ሃሃሃ። የምሬን ግን በርቺ።

የድሮ ተቆጣጣሪ
እህቴ፣ "የአካባቢ ፖሊስ" የሚል አንድ መለዮ ፈልገሽ ከዞርሽ ትደክሚያለሽ፣ እኛ ጋ ስራው ተበታትኖ ነው ያለው። የፋብሪካና የሆቴል ፍሳሽ የሚያየው የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ነው፣ ፓርክና ዱር እንስሳ የስካውት (የፓርክ ጠባቂው) ነው፣ ከተማ ውስጥ ቆሻሻ የደፋውን ደንብ አስከባሪ ይይዘዋል፣ ነገሩ ወንጀል ከሆነ ደግሞ መርማሪ ፖሊስና ዐቃቤ ህግ ይገቡበታል። አንቺ እንደፃፍሽው ከሆነ የሚያቃጥልሽ ፍሳሽ ነው፣ ስለዚህ በርሽ ተቆጣጣሪነት ነው ባይ ነኝ።

አዋጅ ቁጥር 300/1995ን አውርጂና አንብቢው፣ አጭር ነው በአንድ ከሰዓት ያልቃል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ማለት እሱ ነው። ተቆጣጣሪ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ግቢ ገብቶ መጠየቅ፣ ናሙና መውሰድ፣ ፎቶ ማንሳት ይችላል ይላል፣ ለአባትሽም እሱን አሳዪው፣ ያለ ዱላም ስልጣን አለ። ቀጥለሽ 299/1995ን እይ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ነው፣ ፕሮጀክት ሳይጀመር አካባቢውን ምን ያደርገዋል ተብሎ የሚጠናበት ማለት ነው።

ግን ህጉን ሁሉም ያነበንበዋል፣ ልጁ ከልጁ የሚለየው ናሙና ላይ ነው። ቱቦው አፍ ላይ ብቻ ቀድተሽ ከመጣሽ ባለቤቱ "ውሃው ከላይም እንዲሁ ነው የመጣው" ብሎ ያፈርስብሻል። ስለዚህ ቱቦው ከሚገባበት በላይ አንድ፣ ከራሱ ከቱቦው አንድ፣ ወረድ ብሎ አንድ ትቀጂያለሽ። ፒኤች፣ ሙቀትና ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን እዛው ቆመሽ ነው የሚለካው፣ መንገድ ላይ ስለሚቀየር ላብራቶሪ ወስደሽ ብትለኪው ዋጋ የለውም። ለቢኦዲ (ቆሻሻው ሲበሰብስ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚበላ ለሚለካው ምርመራ) የምትወስጂው በረዶ ያለው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ፀሐይ ሳያገኘው ቢዘገይ በማግስቱ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። ጠርሙሱ ላይ ሰዓት፣ ቦታ፣ የቀዳው ሰው ስም፣ ከዛ ማሸጊያ፣ ከዛ ማን ከማን እንደተረከበ የሚያሳይ ፊርማ። ይቺ የርክክብ ወረቀት ስራ ማብዛት ትመስላለች ግን ፍርድ ቤት ላይ ክሱ ቀድሞ የሚወድቀው በሷ ነው፣ ጠርሙሱ ሳይታሸግ ሁለት ቀን የሰው ጠረጴዛ ስር ከከረመ ጠበቃው ሌላ ምንም መናገር አያስፈልገውም።

ባለ መለዮ
ፖሊስ ነኝ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። ፖሊስ ከገባሽ መጀመሪያ መሰረታዊ ስልጠና ነው፣ ሩጫው አለ፣ ሰልፉ አለ፣ እሱን ስትጨርሺ የምትመደቢው መስሪያ ቤቱ የፈለገሽ ቦታ እንጂ ጣና ዳር አይደለም፣ ጥበቃም ትራፊክም ልትሆኚ ትችያለሽ። ወደ ምርመራ ለመግባት ጊዜና ትዕግስት ይፈልጋል። በሌላ በኩል ግን የወንጀል ህጉን አንቀፅ 519 እይው፣ ህግ ጥሶ አካባቢ የበከለ እስከ 10 ሺህ ብር መቀጮ ወይም እስከ 5 ዓመት ፅኑ እስራት ይላል፣ 520 አደገኛ ቆሻሻ፣ 521 ተፅዕኖ ግምገማ። አንቀፁ ከ1996 ጀምሮ አለ፣ የሚጎድለው መዝገቡን የሚያደራጅ ሰው ነው። እኛ ቃል መቀበል እናውቃለን፣ የላብራቶሪ ውጤት ሲመጣ ግን ቁጥሩ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል ማንበብ የሚችል ስንቱ ነው። ባዮሎጂ የተማረች መርማሪ ብትኖር ኖሮ ስንቱ መዝገብ ባልተዘጋ። ስለዚህ ተቆጣጣሪም ሁኚ ፖሊስ፣ የመርማሪውን ቋንቋ ልመጂ፣ ምስክር ማለት ምንድነው፣ ኤግዚቢት (ለማስረጃ የተያዘ እቃ) እንዴት ይያዛል፣ ማን ፊት ይፈረማል።

ተስፋ ቆራጩ
ዝም ብላችሁ ልጅቷን አታሞኟት። የትልቅ ሰው ድርጅት ስትነኪ ስልክ ይደወላል አለቀ። ባንክ ተወዳደሪ።

የድሮ ተቆጣጣሪ
@ተስፋ ቆራጩ ስልክ አይደወልም አላልኩም። ግን ያው አዋጅ 300 አንቀፅ 11 ላይ ማንም ሰው እኔ ምን ተጎዳሁ ሳይባል አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል፣ መስሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይ ውሳኔው ካልጣመው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስልክ የተደወለለት አለቃ መዝገብ ቁጥር ያለው ወረቀት ፊቱ ሲቀመጥ እንደበፊቱ አይቀለውም። ልጅቷ አሁኑኑ ስራ ሳታገኝም ይሄን ማድረግ ትችላለች፣ አንድ አቤቱታ በስርዓቱ ፅፋ ብታስገባ ከስንት ሰርተፍኬት የበለጠ ትማርበታለች።

የደራው አሳ አጥማጅ
ልጄ፣ የፃፉልሽ ሁሉ ስለ ቱቦ ነው፣ ጣና ግን ቱቦ ብቻ አይደለም። ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ነጭ አሳው እንቁላል ሊጥል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣል፣ እዛ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቅ አለ፣ እናቲቱን ከነእንቁላሏ ነው የሚያወጣት፣ በከርሞው ምን ሊያጠምድ እንደሆነ እሱ ይወቀው። ከላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዙ ላይ የሚበትን አለ፣ አሳው ትንፋሽ ያጥረውና ትልቁም ትንሹም ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ያቺን የላስቲክ ክር መረብ ሞኖፊላመንት የሚሏትንም እወቂያት፣ ውሃ ውስጥ አትታይም፣ ተበጥሳ ስትቀር አትበሰብስም፣ ባለቤቷ የለም እሷ ግን ትይዛለች። የመረብ አይን ስትለኪ እንዳይሸውዱሽ፣ ጥልፉን ወጥረሽ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ነው የሚለካው፣ ላላ አድርገው ሲያሳዩሽ ሌላ ነው።

እና አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ስትመጪ አጥማጁን ሁሉ እንደ ሌባ አትዪው። ህገወጡን ቀድሞ የሚያውቀው ህጋዊው አጥማጅ ነው፣ ማህበሩ ጋ ቁጭ ብለሽ ሻይ ካልጠጣሽ በስተቀር አንድም ሰው አይነግርሽም። ውሃው ሲሸሽ ዳሩን እያረሰ የሚከተለውንም ባህር ሸሽ የሚያርሰውን ማለቴ ነው፣ በአንድ ቀን አታስነሺውም፣ የሚበላው እዛ ነው።

ማህሌት ዘንዘልማ
የአሳና የዱር እንስሳት ትምህርት እዚሁ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ አለልሽ፣ በባዮሎጂ ዲግሪሽ ማስተርስ መጠየቅ ትችያለሽ። ብር ከሌለሽ ደግሞ ህግ ትምህርት ቤት ያሉ ጓደኞች ያዢ ኮርስ ኖት ይሰጡሻል ሃሃ። ባህር ዳር የአሳ ምርምር ማዕከሉም አለ፣ በፈቃደኝነት ዳታ መሰብሰብ ላግዝ ብለሽ በአካል ሂጂ፣ በኢሜል አይሆንም፣ እዚህ ከተማ ፊት ካላዩ አያምኑም። ሲቪሽ ላይ ጂፒኤስ መጠቀም፣ ካርታ መስራት፣ ናሙና መውሰድ የሚል መስመር ይኑር። ጣና ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮውም ሰዉም አብረው እንዲኖሩ የተከለለ ቦታ) ነው፣ ኮሩ (በጥብቅ የሚጠበቀው እምብርቱ) የት እንደሆነ በፈሩ (ዙሪያው ያለው መከለያ) የት እንደሆነ ካርታውን አውቀሽ ኢንተርቪው ብትገቢ ትለያለሽ።

አበሻ ከቦስተን
እኔ ያለሁበት ማሳቹሴትስ የአካባቢ ፖሊስ ሙሉ መለዮ፣ መሳሪያ፣ ጀልባ ያለው ነው፣ ግን አብዛኛው ውሎው የፋብሪካ ፍሳሽ እንዳይመስልሽ፣ የአሳ ፈቃድ፣ የአደን ፈቃድ፣ የጀልባ ደህንነት፣ ላይፍ ጃኬት አድርገሃል ወይ እያለ ሲዞር ነው የሚውለው። እና ዋና የማይችል አይታሰብም። አንቺስ ትችያለሽ?

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)
ውይ እግዜር ይስጣችሁ። @አበሻ ከቦስተን ጣና ዳር ተወልጄ አልችልም፣ ሳቁብኝ። @የድሮ ተቆጣጣሪ አባቴን አንቀፁን አነበብኩለትና "እና ደሞዙስ?" ነው ያለኝ። አንድ ያልገባኝ፣ ስራው ማስታወቂያ ላይ በምን ስም ነው የሚወጣው? "የአካባቢ ፖሊስ" ብዬ ስፈልግ ምንም የለም።

የድሮ ተቆጣጣሪ
በዛ ስም አይወጣም። "የአካባቢ ህግ ተከባሪነት ባለሙያ"፣ "የብክለት ቁጥጥር"፣ "የተፅዕኖ ግምገማ ባለሙያ" የመሳሰለ ነው፣ የክልሉን፣ የዞኑንና የከተማ አስተዳደሩን ሰሌዳ ሶስቱንም እይ፣ ኢንተርኔት ላይ የማይለጠፍ ብዙ አለ። ዜሮ ዓመት ልምድ የሚል ካየሽ የትምህርት ዝግጅቱ ላይ ባዮሎጂ መኖሩን አጣሪ፣ አንዳንዱ "ኢንቫይሮመንታል ሳይንስ" ብቻ ብሎ ይዘጋል፣ "ተዛማጅ" ካለ ግን ተከራከሪ። ደሞዙን ለአባትሽ በውስጥ እነግርሻለሁ፣ እዚህ ከተፃፈ የሰውን ሐሳብ ያስቀይራል።

ባለ መለዮ
የጣት አሻራ ማስረጃ (ከወንጀል ነፃ የሚለውን) አሁኑኑ አታውጪ፣ የሚያስፈልግሽ ማስታወቂያ ሲወጣ ነው፣ እስከዛ ይቆይብሻል። ሩጫውን ግን ዛሬ ጀምሪ።

የደራው አሳ አጥማጅ
ዋናውን ቅዳሜ ነይና ልጆቼ ያስተምሩሻል፣ ከወንድምሽ ጋር ነይ። ጠዋት ነው የሚሆነው፣ ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ማዕበል አለው።