ሊሚትስ.ኮንፍ ውስጥ 65536 ብዬ ጽፌ ኤንጂንኤክስ 1024 የሚያመጣው ከየት ነው?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለአንድ ጅምላ አከፋፋይ የሊኑክስ ሰርቨር አስተዳድራለሁ። ሰኞ ገበያው ሲደራ ኤንጂንኤክስ (ድረ ገጹን የሚያቀርበው ፕሮግራም) «የተከፈቱ ፋይሎች በዝተዋል» እያለ ደንበኛ ይመልሳል። በአንድ ጊዜ የሚከፈቱ ፋይሎችን ገደብ ሊሚትስ.ኮንፍ በሚባለው የገደብ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ 65536 አድርጌአለሁ፤ በኤስኤስኤች ከርቀት ገብቼ ኡሊሚት በሚባለው ትዕዛዝ ስጠይቅም 65536 ይለኛል። የኤንጂንኤክስን ስመለከት ግን 1024 ነው። ማን ሰጠው?

ሐይቅ ዳር፦
ሰርቨሩን አጥፍተሽ አስነሺው። እኔ ዘንድ ሠርቷል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ማጥፋትና ማስነሳቱን መብራት ኃይልም ያለ ክፍያ ይሠራልናል፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። እህቴ፣ ገደብ ፋይል ላይ የሚኖር ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ የራሱን ይዞ ይኖራል፤ በፎርክ (አንዱ ፕሮሰስ ሌላውን በሚወልድበት ጥሪ) ሲወለድ የወላጁን ግልባጭ ይወርሳል፤ በኤግዜክ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲለወጥም ውርሱ አይነካም። ስለዚህ ከየት መጣ ለማለት ዘር መቁጠር ነው።

የሼልሽን፣ ትዕዛዝ የምትጽፊበትን ፕሮግራም፣ ዘር ቁጠሪ፦ በኤስኤስኤች ስትገቢ ፓም (የተጠቃሚን መግቢያ የሚያስተናግደው ክፍል) ሊሚትስ.ኮንፍን አንብቦ ገደቡን ለወጠ፣ ሼሉም ያንን ወረሰ። ኤንጂንኤክስን የወለደው ግን ሲስተምዲ፣ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው የመጀመሪያው ፕሮሰስ፣ ነው። በፓም በኩል አላለፈም፤ የጻፍሽውን ፋይል ከፍቶት አያውቅም።

ሲስተምዲስ? ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የመጀመሪያውን ፕሮሰስ የሚያስነሳው በሶፍት 1024፣ በሃርድ 4096 ነው። ሶፍት አሁን የሚሠራበት ገደብ ነው፤ ሃርድ ደግሞ ፕሮሰሱ ያለ ልዩ ሥልጣን ሶፍቱን ከፍ ማድረግ የሚችልበት ጣሪያ። ሲስተምዲ ከ240ኛው ዕትም ወዲህ ሃርዱን ወደ 524288 ያነሳል፤ ሶፍቱን ግን አውቆ 1024 ላይ ተወው። ሴሌክት የሚባለው አሮጌ ጥሪ ከዚያ ያለፈ የፋይል ቁጥር ሲገጥመው ማኅደረ ትውስታ ያበላሻልና። እኔ በዚህ ውሳኔ እስማማለሁ።

መፍትሔው፦ በሲስተምሲቲኤል ኤዲት የኤንጂንኤክስን ዩኒት (የአገልግሎቱን ማስተካከያ ፋይል) ክፈቺ፣ ሰርቪስ በሚለው ክፍል ሥር ሊሚትኖፋይል=65536 ጻፊ፣ አገልግሎቱን እንደገና አስነሺ። ከዚያ ኡሊሚትን አትጠይቂ፤ እሱ የሚነግርሽ የራስሽን ሼል ነው። /ፕሮክ ሥር በፕሮሰሱ ቁጥር ገብተሽ ሊሚትስ የሚለውን ፋይል አንብቢ።

የጦሳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ 65536 ይላል። በገበያ ሰዓት አገልግሎቱን ሳላቋርጥ መለወጥ እችል ነበር?

ቦርከና፦
ከከርነል 2.6.36 ጀምሮ ፕርሊሚት የሚባለው ጥሪ በሥራ ላይ ያለውን ፕሮሰስ ገደብ ይለውጣል። ዋናውን የኤንጂንኤክስ ፕሮሰስ ብቻ ብትነኪ ግን ቀድመው የተወለዱት ወርከሮች (ደንበኛ የሚያስተናግዱት ልጆቹ) በ1024 ይቀራሉ፤ እያንዳንዳቸውን መንካት አለብሽ። አገልግሎቱ እንደገና ሲነሳ ደግሞ በፕርሊሚት የለወጥሽው ሁሉ ይጠፋል።