ክርክር፦ የኮሪደር ልማቱ አዲስ አበባን ለእግረኛ አመቺ አድርጓታል?

መነሻ፦ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ፒያሳንና አራት ኪሎን ይዞ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ደርሷል። ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ዘርግቷል፤ ነባር ሰፈሮችንም አፍርሷል። በጥቅሉ ለእግረኛው በጅቷል?

የመንገድ መሐንዲስ፦ በጅቷል። ከጉዞው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር በሚከናወንባት ከተማ፣ መንገድ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራ የኖረው መኪናን ታስቦ ነው። በቀለበት መንገድ መሻገሪያ ድልድዩ ርቆበት አጥር የሚዘል እግረኛ ይወቀሳል እንጂ አጥሩን እዚያ ያቆመው ንድፍ አይጠየቅም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መኪና ለጥቂት ሰዓታት ሲታገድ የተደሰትነው፣ በአዘቦቱ ቀን ለእግራችን ቦታ ስላልነበረን ነው። አሁን ልጇን ያዘለች እናት ወደ አስፋልት ሳትወርድ አራት ኪሎን ማለፍ ትችላለች።

የቀድሞ የካዛንቺስ ነዋሪ፦ ስለ መንገዱ ያሉትን አልቃወምም፤ መብራቱም ንጽሕናውም ደስ ይላል። ቤታችንም ያረጀና የተጨናነቀ እንደነበር አልክድም። ይሁን እንጂ ካዛንቺስ ሳለሁ ሥራ የምሄደው በእግሬ ነበር፤ ልጆቼ ትምህርት ቤት፣ እኔ እድር፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን የምንደርሰው ታክሲ ሳንይዝ ነው። ዛሬ ከከተማው ዳር ተነሥቼ ሁለት ታክሲ እቀያይራለሁ፤ ከሥራ ስመለስም ጎረቤት የምጠይቅበት ሰዓት አይተርፈኝም። እርስዎ በሚያደንቁት ንጣፍ ላይ የሚራመደው እንግዲህ ማን ነው?

የመንገድ መሐንዲስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱም ከመንገድ ሥራ ያልፋል። ሆኖም በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆነው በቂ እድሳት ሳያገኙ አርጅተዋል፤ እንዳሉ ይቀመጡ ማለትም ለነዋሪው መቆርቆር አይመስለኝም።

የሕግ ባለሙያ፦ እንዳሉ ይቀመጡ ያለ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ብቻ ሳይሆን ኑሮው የተነካበትም ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ኑሮ ደግሞ ጣሪያና ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ጀበናዋን ዘርግታ ቡና የምትሸጥ ሴት የቤቷን ምትክ ብታገኝም ደንበኞቿን የሚተካላት የለም። ስለዚህ በፈረሰው ቦታ ከሚነሣው ሕንፃ የተወሰነው ክፍል ለተነሺው በአቅሙ ኪራይ እንዲያዝ አስቀድሞ መወሰን ነበረበት።

የታክሲ አሽከርካሪ፦ ሁላችሁም ስለ ዳሩ ስትናገሩ መሐሉን ረሳችሁት። አስፋልቱ ሲሰፋና ሲለሰልስ እኛም እንፈጥናለን፤ በተለይ ማታ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚገጭና በ50 የሚገጭ መኪና የጉዳታቸው ልዩነት የትየለሌ ነው።

የመንገድ መሐንዲስ፦ እዚህ ላይ አሽከርካሪው ረትቶኛል። የእግረኛ መንገዱ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ሰውየው ብዙ መስመር በአንድ ትንፋሽ የሚሻገር ከሆነ አደጋው አስፋልቱ መሐል ይጠብቀዋል። መሻገሪያው ከአስፋልቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢሠራ፣ መሐል ላይ መቆያ ቢኖረው፣ የመታጠፊያው ማዕዘንም ጠበብ ቢል መኪናው ሳይወድ በግዱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህ ከጌጥ መብራቱ በፊት መግባት ነበረበት፤ ሥራው ባላለቀባቸው መስመሮች ግን አሁንም ይቻላል። ስለ ተነሺው ኪራይ የተባለውን አልቃወምም፤ ለካዛንቺሷ ጠያቂ የምሰጠው ሌላ መልስ የለኝም።