ባንኩን ልልቀቅ ወይስ ኮምፒውተሩ የማታ ጨዋታ ሆኖ ይቅር?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት ክርክር ከአንድ አባላችን የመጣ ነው። የሚወዱትን የኮምፒውተር ነገር እንጀራ ማድረግ ያዋጣል ወይ? ሐሳብ ይሰንዘር። ስድብ የለም፤ ያለፈው ሳምንት ዓይነት ነገር እንዳይደገም።

የባንኩ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ ቤት ውስጥ ባነሳው እናቴ አኮረፈችኝ፤ ለዛ ነው ወደናንተ የመጣሁት። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፤ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ኮምፒውተር ግን ሱሴ ነው። ማታ ማታ የጎረቤት ላፕቶፕ ፎርማት አደርጋለሁ፣ ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ፈጣኑን ኤስኤስዲ እገጥማለሁ፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትንንሽ ነገር እጽፋለሁ። ለሰፈራችን እድር መዋጮ መመዝገቢያ ሠርቼላቸው ጸሐፊው ደብተሩን ትቶ እሱን ነው የሚጠቀመው። አሁን አንድ ጓደኛዬ «ለቅቀህ ና፤ ቤት ተከራይተን ጥገናውንም ኮዱንም አብረን እንሥራ» እያለኝ ነው። መንግሥትም አምስት ሚሊዮን ኮደሮች እያለ ነው። ልልቀቅ? ቁርጡን ንገሩኝ።

ጥገና ቤት፦ ወንድሜ፣ አትልቀቅ። መገናኛ አካባቢ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። አንተ የምትወደው መፍታትና መግጠሙን ነው። የኔ ሥራ ግን ግማሹ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ ነው።

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ ሻይ የፈሰሰበት ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ከፈሰሰ በኋላ ደጋግማ ልታበራው ሞክራለች። ማሽኑን የሚገድለው ሻይው ሳይሆን ይሄ ነው። ባትሪውን ነቀልኩ፣ ኪቦርዱን አነሳሁ፣ ቦርዱን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁ። ስኳሩ ቻርጅ የሚገባበት መስመር ዙሪያ ተጋግሮ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። አንዷን ቺፕ በሆት ኤር፣ ማለትም በሚያቀልጠው የሙቅ አየር መሣሪያ አንስቼ፣ ከሞተ ቦርድ ላይ በነቀልኳት ተካሁ። በራ! የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ሌላ ቦታ ኮፒ የላትም። ደስ ብሏት ልታለቅስ ደረሰች። ዋጋ ስጠራ ግን «እንዴ፣ ለማጽዳት ብቻ?» አለችኝ። ባይበራ ኖሮ ደግሞ ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ።

በነጻ ስትሠራለት የሚመርቅህ ጎረቤት ዋጋ ስትጠራ ሌላ ሰው ይሆናል። የቤት ኪራዩ ደግሞ ደንበኛ መጣ አልመጣ አይመለከተውም።

ፍሪላንሰር፦ ጥገና ቤት፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ግን ልጁን ያስፈራራኸው በራስህ ሥራ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ሱቅ አያስፈልገውም። እኔ ለውጭ ደንበኞች ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ ቢሮዬ መኝታ ቤቴ ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዶላር የሚከፈለው ሰው ምንም ሳይጨምር ገቢው በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የባንክ ደሞዝስ? በዚያው በብሩ ቀረ። ገበያው ግን አልጠበቀውም።

ደግሞ ምሳሌ እዚሁ አገራችን አለ። ኮደሯን ቤተልሔም ደሴን ታውቃላችሁ። ሐረር ውስጥ፣ በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ ገና በ9 ዓመቷ ቪዲዮ እያቀናበረችና የሰው ስልክ ላይ ዘፈን እየጫነች ለልደቷ የሚሆን ገንዘብ የሠራች ልጅ ናት። ጨዋታው ነው እዚህ ያደረሳት። ወጣት ሆነህ ካልሞከርክ መቼ ልትሞክር ነው?

የሦስት ልጆች እናት፦ ልጄ፣ እናትህ ብታኮርፍ አትፍረድባት። መሥሪያ ቤትህ ካንተ 7 ከመቶ ቆርጦ፣ ከራሱ 11 ከመቶ ጨምሮ ለጡረታህ ያስገባልሃል። ባንክ ስትሆን ደግሞ ለሠራተኛ በትንሽ ወለድ የሚሰጥ የቤት ብድር አለ። ሌላው ሰው እሱን አጥቶ ነው በኪራይ የሚንከራተተው። ይኼ ፍሪላንሰር የሚባለው ልጅ ሲታመም ማን ይከፍለዋል?

ፍሪላንሰር፦ እናታችን፣ ሲያመኝ አልከፈልም፤ አልዋሽዎትም። ግን አለቃም የለኝም።

አጥባቂው፦ የዘለልከውን እኔ ልናገር። ፔይፓል እዚህ አገር ገንዘብ መቀበያ ሆኖ አይሠራም። ስለዚህ ክፍያህ በዙሪያ ጥምጥም ነው የሚመጣው። መብራት ይጠፋል። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው የቆየው። ካናዳ የተቀመጠ ደንበኛ ይሄን ከየት ያውቃል? እሱ የሚያየው ሥራው በቀኑ እንዳልደረሰ ነው። ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቶህ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ያ ነጥብ ደግሞ ስምህ ላይ ይቀመጣል። በዶላር የሚከፈለው መጀመሪያ ሥራውን ማስረከብ የቻለ ሰው ነው።

ፍሪላንሰር፦ አልዘለልኩም፤ ገና ልመጣበት ነበር። ገንዘቡ የሚገባበት መንገድ አለ፣ ኮሚሽኑ ያንገበግባል እንጂ። ለመብራቱ ፓወር ባንክ፣ ለኔቱ ሁለት ሲም። የቴሌውም የሳፋሪኮሙም አለኝ። አገር አቀፍ ሲዘጋ ግን ያው ቁጭ ማለት ነው።

አስተማሪው፦ ኮዲንግ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ «ሁሉም ይግባ» ብል ነበር የሚጠቅመኝ። አልልም።

በመጀመሪያ ያ አምስት ሚሊዮን የሚባለው። በ2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረ የኦንላይን ሥልጠና ነው። የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድና የዳታ ሳይንስ መነሻ ኮርሶች አሉት፣ በነጻ ነው፣ ጥሩ ነው። መነሻ ግን ሥራ አይደለም። ሰርተፍኬቱን ፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ የሰቀለ፣ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ፋይል እንኳ ያልጻፈ ተማሪ አለኝ። የባንኩ ልጅ የእድሩን ፕሮግራም የጻፈው ማንም ሰርተፍኬት ሳይሰጠው ነው። እኔ የማየው እሱን ነው።

ሁለተኛ፣ «ለቅቆ ወጥቶ ተሳካለት» ስለምንላቸው ሰዎች። ስቲቭ ዎዝኒያክ በፈረንጆቹ 1976 አፕል 1 የተባለውን የአፕልን የመጀመሪያ ኮምፒውተር ሲሠራ የኤችፒ ኩባንያ ተቀጣሪ ነበር። ከኤችፒ የወጣው ማይክ ማርኩላ የሚባል ባለሀብት ሙሉ ጊዜህን ካልሰጠህ ገንዘቤን አላስገባም ካለው በኋላ ነው። እሱንም መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር! ሊነስ ቶርቫልድስን ውሰዱ። በ1991 ሊኑክስን፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያስነሳውን ሲስተም፣ ለዓለም ሲያስተዋውቅ የሄልሲንኪ ተማሪ ነበር፤ ለጨዋታ የተሠራ ነው፣ ትልቅ ነገር አይሆንም ብሎ ነው የጻፈው። በ1997 አንድ የካሊፎርኒያ ቺፕ ሠሪ ኩባንያ ቀጠረው። ሙሉ ሥራው ሊኑክስ ብቻ የሆነው በ2003 ነው። 12 ዓመት! እስከዚያ ሌላ ነገር ነው የሚያበላው የነበረው።

ስለ ቤተልሔምም ልብ በሉ። ደንበኛው በእግሩ ሱቁ ድረስ የመጣ ነው፤ እሷ የሠራችው የሚከፍል ሰው ባለበት ቦታ ነው። የባንኩ ልጅ፣ ያንተ ጓደኛ ቤት ልንከራይ ነው ሲል ደንበኛውን ቆጥሯል?

የባንኩ ልጅ፦ አልቆጠረም። «ቦታው ራሱ ደንበኛ ያመጣል» ነው የሚለው።

ጥገና ቤት፦ ቦታ የሚያመጣው አከራይ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከአሜሪካ ነኝ። እናንተ ስለ ፍቅር ታወራላችሁ፤ እዚህ የኛ ሰው ይህን ጥያቄ እንዲህ አይጠይቅም። ቀን ኡበር ነድቶ፣ ልጅ አስተኝቶ፣ ማታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ኤ ፕላስ የሚባለውን የጀማሪ የአይቲ ሰርተፍኬት ያጠናል። ኤ ፕላስ ሁለት ፈተና አለው፤ ከዚያ የኮምፒውተር ደህንነቱ ሴኩሪቲ ፕላስ ይቀጥላል። ሴኩሪቲ ፕላስን ዋሽንግተን ዙሪያ ሁሉም የሚያሳድደው ብዙ የመከላከያ ሚኒስቴር ሥራዎች ስለሚጠይቁት ነው። ሄልፕ ዴስክ ላይ፣ የሠራተኛውን የኮምፒውተር ችግር እየተቀበለ የሚፈታ፣ ግን ኮምፒውተር መክፈት የሚጠላ ሰው አውቃለሁ። የመጣለትን ጥያቄ (ቲኬት) ይዘጋል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይወጣል፣ የቤት ብድሩን ይከፍላል። ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ «ስለምትወደው ይሳካልሃል» የሚለውን ተዉት። አለመውደድ አላገደውም፣ መውደድም ብቻውን አያስቀጥርም።

ደግሞ ገበያው እንደ ድሮው አይደለም። በፈረንጆቹ ኅዳር 2022 የፌስቡኩ ባለቤት ሜታ ከ11 ሺህ በላይ ሰው አስወጣ፤ በጥር 2023 ጉግል 12 ሺህ ያህል። እነዚያ ሁሉ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከጀማሪው ጋር እኩል ማመልከቻ ያስገባሉ። አሁን ደግሞ ጀማሪ ይጽፈው የነበረውን ቀላል ኮድ ኤአይ በደቂቃ ይጽፈዋል።

ፍሪላንሰር፦ ኤአይውን እኔም እጠቀምበታለሁ። የሚጽፈውን ኮድ የሚያርመው ሰው ግን ያስፈልጋል።

አጥባቂው፦ የሚያርመው ልምድ ያለው ነው። ጀማሪው ልምዱን ከየት ሊያመጣ ነው?

ኦዲተሯ፦ ሁላችሁም አካውንቲንጉን ጥላችሁት አለፋችሁ። ለምን?

የድርጅት ሒሳብ ነው የምመረምረው። የምሄድበት ግማሹ ድርጅት ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ነው፤ ለዚያውም የድሮውን። ከፒችትሪ ወደ ኤክሴል ያወጡታል፣ ኤክሴል ላይ በእጃቸው ይነካኩታል፣ ከዚያ ለግብር ሪፖርት እንደገና በእጃቸው ይጽፉታል። ሦስት ቦታ ሦስት የተለያየ ድምር አገኛለሁ። ባለፈው አንድ አስመጪ ጋ የዊዝሆልዲንጉ፣ ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዘው ግብር፣ ድምር አልገናኝ ብሎን አመሸን። ጥፋቱ አንድ ደረሰኝ ሁለቴ መመዝገቡ ነበር። ይህን የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም ለመጻፍ ኮድ ማወቅ ብቻ አይበቃም። ኮደር ጠርተው ያውቃሉ፤ ልጁ ቫት ከዋጋው ውስጥ ሲወጣና ዋጋው ላይ ሲጨመር ያለው ልዩነት አልገባውም። ሁለት ወር ለፍቶ ጥሎ ሄደ።

የባንኩ ልጅ፣ አንተ ዴቢትና ክሬዲት የሚገባህ፣ ፓይተንም የምትጽፍ ሰው ነህ። የእድሩ ፕሮግራምህ የሠራው መዋጮ ያላስገባ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ስለምታውቅ ነው። ላፕቶፕ ፎርማት ለማድረግ ከጥገና ቤት ጋር ምን ያጋፋሃል? እሱ ይበልጥሃል።

ጥገና ቤት፦ አመሰግናለሁ እህቴ። እውነት ነው፣ እበልጠዋለሁ።

የባንኩ ልጅ፦ ይኼ አልታየኝም ነበር። እኛ ቅርንጫፍ ራሱ ማታ ማታ በእጅ የሚሠራ ሪፖርት አለ። በፓይተን ልሞክረው እንዴ?

አስተማሪው፦ ኧረ በፍጹም! የባንክ ማሽን ላይ ሳታስፈቅድ ፓይተን ጭነህ ብትያዝ ደብዳቤ ነው የሚጻፍልህ። የደንበኛ ዳታ ወደ ቤትህ ላፕቶፕ ይዘህ ከወጣህ ደግሞ ከደብዳቤም ያልፋል። መጀመሪያ የአይቲ ክፍሉን ጠይቅ። የውስጥ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሲወጣም ተመልከት፤ ከቅርንጫፍ ወደ አይቲ የተዛወረ ሰው አለ።

ፍሪላንሰር፦ በቃ፣ ልጁን መልሳችሁ ባንክ አስገባችሁት። ፈሪ ለእናቱ ነው!

የሦስት ልጆች እናት፦ ለእናቱ ቢሆን ምን ክፋት አለው?

አወያይ፦ 😂 እናታችን ይህን ዙር ወስደዋል።

ፍሪላንሰር፦ እሺ፣ ቁም ነገር ልናገር። እኔም ስጀምር ተቀጣሪ ነበርኩ። ግን የሆነ ቀን ላይ ሁለቱን ማስኬድ አቃተኝ። ደንበኛው የሚደውለው ቀን ነው፣ እኔ ቀን ስብሰባ ላይ ነኝ። «ሥራህን ይዘህ ሞክር» የምትሉት ለሊነስ ሠርቶ ይሆናል፤ እሱ ተማሪ ነበር። ከባንክ ማታ ደክሞ የሚመለስ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ያህል ይሠራል? በዝግታ መሞከር አንዳንዴ አለመሞከር ነው።

ኦዲተሯ፦ ይኼ ጥሩ ክርክር ነው። መልሱ ግን የድካሙ ጉዳይ ሳይሆን የደንበኛው ነው። የሚከፍሉ ሁለት ሦስት ድርጅቶች ይዞ፣ ቀን መደወላቸው ካስቸገረው ያኔ ይልቀቅ፤ እኔም «ልቀቅ» እለዋለሁ። አሁን የሚደውልለት የእድሩ ጸሐፊ ብቻ ነው።

የባንኩ ልጅ፦ እሱም ሲደውል «ድምሩ ወዴት ጠፋ» ለማለት ነው። ለጓደኛዬ ኪራይ ውስጥ አልገባም ብዬዋለሁ፤ ተቀይሞኛል። ኦዲተሯ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የእድራችን አባል የሆነ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ለሱቁ የዱቤ መመዝገቢያ ሥራልኝ ብሎኛል። ዋጋ እንዴት ልንገረው? የሰፈር ሰው ነው፣ አፈርኩ።

ኦዲተሯ፦ ስለ ዋጋ ከመነጋገርህ በፊት አንድ ቀን ሱቁ ሄደህ ተቀመጥና ዱቤውን አሁን እንዴት እንደሚይዘው እይ። ብዙዎቹ በደንበኛ ስም ሳይሆን በጆሮ በሚያውቁት ቅጽል ስም ነው የሚጽፉት፤ «ረጅሙ» «የጋሼ ልጅ» እያሉ። ያ ሳይገባህ ዋጋ ብትነግረው ትከስራለህ። ከዚያ የሚሠራውንም የማይሠራውንም በወረቀት ጻፍለትና ፈርሙበት።

ጥገና ቤት፦ ግማሹን ቅድሚያ ተቀበል። የሰፈር ሰው ስለሆነ ነው የምልህ።