የእርግዝና መከላከያ ሲመረጥ የረጅም ጊዜው ይቅደም ወይስ አይቅደም?

አወያይ፦
የክርክሩ ጥያቄ የሚከተለው ነው። የቤተሰብ ዕቅድ አማካሪዎች መከላከያ ፈልጋ ለምትመጣ ሴት ሁሉ በቅድሚያ የረጅም ጊዜውን፣ ማለትም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ኢምፕላንት ወይም በማህፀን የሚቀመጠውን ሉፕ ሊመክሩ ይገባል ወይስ አይገባም? ድጋፍም ሆነ ተቃውሞ ከነምክንያቱ ይቅረብ።

አዋላጅ ነርስ፦
ይገባል ባይ ነኝ፤ መነሻዬም ቁጥሩ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ እንክብል ከሚወስዱ 100 ሴቶች 7 ያህሉ፣ በየሦስት ወሩ መርፌ ከሚወጉት 4 ያህሉ፣ በወንድ ኮንዶም ብቻ ከሚጠነቀቁት ደግሞ 13 ያህሉ ሳያስቡት ያረግዛሉ። ኢምፕላንት ካስቀበሩ 1,000 ሴቶች መካከል የሚያረግዙት ግን 1 ገደማ ሲሆኑ፣ የመዳብ ሉፕ ካስገቡ 1,000 ሴቶች 8 ያህል ናቸው። እንክብሉም ቢሆን ሳይዛነፍ በየቀኑ ቢወሰድ ከ1,000 ሴቶች የሚያረግዙት 3 ያህል ብቻ በሆኑ ነበር። ያንን 3 ወደ 70 የሚያደርሰው ኑሮ ነው፤ ሰው ይረሳል፣ ይታመማል፣ መንገድ ይወጣል፣ እንክብሉ ያልቅና ቀን ያልፋል። ኢምፕላንት እንደ ዓይነቱ ለ3 ወይም ለ5 ዓመት፣ የመዳብ ሉፕ ደግሞ እስከ 10 ዓመት ሲያገለግሉ የየዕለት ጥንቃቄ አይጠይቁም። ይህን እያወቅሁ አማራጮቹን ሁሉ በእኩል ድምፅ ደርድሬ «ምረጪ» ብላት፣ ገለልተኛ የሆንኩ ቢመስለኝም ማወቅ የሚገባትን ዋና ነገር ነፍጌአታለሁ።

ፋርማሲስት፦
እህቴ፣ ቁጥሮቹን አልቃወምም፤ ነገር ግን ሁሉም የሚለኩት እርግዝናን ብቻ ነው። ኢምፕላንትም ሆነ ሉፕ፣ መርፌም ሆነ እንክብል ከኤች አይ ቪ፣ ከጨብጥ፣ ከክላሚዲያ ወይም ከቂጥኝ አይከላከሉም። በእርስዎ ቅደም ተከተል ግርጌ ላይ የወደቀው ኮንዶም ግን፣ የወንዱም የሴቷም፣ ሁለቱንም አደጋ ባንድ ጊዜ ይከላከላል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ ይፋ የሆነው «ኤኮ» የተባለ ጥናት በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያና በኢስዋቲኒ 7,829 ሴቶችን በዕጣ ለሦስት ወር መርፌ፣ ለኢምፕላንትና ለመዳብ ሉፕ ደልድሎ ተከታትሏል። ጥናቱ የተነሣው መርፌው ለኤች አይ ቪ ያጋልጣል የሚለውን የቆየ ሥጋት ለመመርመር ነበር፤ በሦስቱ ዘዴዎች መካከልም ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላው ውጤት ነው። ሴቶቹ ምክርና ኮንዶም እየተሰጣቸው እንኳ በክትትሉ ጊዜ 397ቱ በቫይረሱ ተይዘዋል። እንግዲህ አማካሪ «ይህን ካስገባሽ ሐሳብሽን ጣይው» ብሎ ሲያሰናብት ስለየትኛው ሐሳብ እየተናገረ እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል። ክላሚዲያና ጨብጥ በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ምልክት ይቆያሉ፤ ሳይታከሙ የማህፀን ቱቦዎችን ከጎዱም ዛሬ እርግዝናን ብቻ ፈርታ የመጣችው ሴት ነገ መውለድ ስትፈልግ ልትቸገር ትችላለች።

አንድ ባለትዳር፦
የፋርማሲስቱ ሐሳብ ለላጤዎች ይሠራ ይሆናል። በትዳር ውስጥ ኮንዶም ማንሣት ግን ጥርጣሬን ቤት ማስገባት ነው፤ «ማንን ይዘህ ነው?» ወይም «ማንን ይዘሽ ነው?» የሚል ጭቅጭቅ ያስከትላል። ከዚያ ይልቅ ሚስት ሉፕ ብታስገባ ሁሉም በሰላም ያድራል።

ፋርማሲስት፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም ተመርምረው ነጻ ከሆኑና ከሌላ ጋር ግንኙነት ከሌላቸው ኮንዶሙን ቢተዉ የሚከራከራቸው የለም። ሆኖም አዲስ የተያዘ ሰው በምርመራ ሳይታወቅ እስከ 3 ወር ሊቆይ ስለሚችል፣ ምርመራው ከመጨረሻው አጠራጣሪ ግንኙነት ከ3 ወር በኋላ መደገም አለበት። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ከደረሰና በዚያው ከቀጠለ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ይህም የሚታወቀው በምርመራ ነው። በመተማመን ብቻ የሚታወቅ ውጤት የለም።

እግረ መንገዴን ልጨምር፤ «ኮንዶም ተቀደደብኝ» ብለው ከሚመጡልኝ አንዳንዶቹ እንዴት እንደተጠቀሙ ሲነግሩኝ ምክንያቱ ወዲያው ይታያል። ቫዝሊን ወይም የሰውነት ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን ያሳሳዋል፤ ማለስለሻ ካስፈለገ በውኃ ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት። ሁለት ኮንዶም ደርቦ መልበስ ይበልጥ ያስተማምናል የሚሉም አሉ፤ እርስ በርስ ሲፋተጉ ግን ይቀደዳሉ። ጫፉ በሁለት ጣት ሳይያዝና አየሩ ሳይወጣ የተለበሰ ኮንዶም ሊፈነዳ ይችላል። ከግንኙነቱ በኋላም ብልት ሳይላላ የኮንዶሙ አፍ በጣት ተይዞ ካልወጣ እዚያው ሊቀር ይችላል። ከ100 ሴቶች 13 ያህሉ ያረገዙት እንዲህ ካለው አጠቃቀምና ጨርሶ ካልተጠቀሙባቸው ቀናት የተነሣ ነው፤ በትክክልና ሁልጊዜ ቢጠቀሙበት ቁጥሩ ወደ 2 ይወርዳል።

ኢምፕላንት ያስወጣች ሴት፦
ሁለታችሁም ስለሚገባው እንጂ ስለሚወጣው አልተናገራችሁም። ኢምፕላንት ካስቀበርኩ በኋላ ደሙ ወር ጠብቆ መምጣቱን ትቶ በየጊዜው እየመጣ ለብዙ ቀናት ይፈስሰኝ ነበር። እንዲያወጡልኝ ስጠይቅ ጊዜው ገና ነው፣ ይለመዳል፣ ውድ ዕቃ ነው ተባልኩ፤ ተመላልሼ በመጨረሻ ሌላ ቦታ አስወጣሁት። እንክብል ያልተስማማት ሴት ዛሬ ማታ ማንንም ሳታስፈቅድ ታቆመዋለች። ኢምፕላንትና ሉፕ የሚወጡት ግን በባለሙያ እጅ ነው። ስለዚህ «ውጤታማ ነው» የምትሉት ነገር የሚያቆምበትን ሥልጣን ከእኔ ወስዶ ለሌላ ሰው የሚሰጥ መሆኑም አብሮ ሊነገረኝ ይገባ ነበር።

አዋላጅ ነርስ፦
እህቴ የገጠማት በደል ነው። ኢምፕላንት የደም አወራረድን ሊያዛባ እንደሚችል ከመቀበሩ በፊት መነገር አለበት፤ «ይውጣልኝ» ስትል ደግሞ ማብራሪያ ሊሰጣት፣ የሚያስታግስ መድኃኒትም ሊቀርብላት ይቻላል እንጂ መከልከል አይቻልም። የማያወጣ ጤና ተቋም ባይቀብር ይሻላል።

ቅድሚያ ይሰጠው ማለቴ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሰጥ ማለት አይደለም። ለቲቢ ሪፋምፒሲን የምትወስድ፣ ለሚጥል በሽታ ካርባማዘፒን የምትውጥ ወይም ኢፋቪረንዝ ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመረች ሴት ኢምፕላንቱም እንክብሉም ኃይላቸው ይቀንስባታል፤ ለእርሷ የመዳብ ሉፕ ወይም መርፌው ይመረጣል። በቅርቡ መውለድ የምትፈልግ ሴት ደግሞ መርፌውን ካቆመች በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊወስድባት እንደሚችል ትወቅ። ዕድሜዋ ከ35 በላይ ሆኖ ለምታጨስ፣ የደም ግፊቷ ከፍ ላለ፣ ወይም ብልጭታ የሚቀድመው ማይግሬን ላለባት ሴት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያለበት እንክብል አይሰጥም።

ፋርማሲስት፦
ታዲያ ልዩነታችን የትኛው ጥያቄ ይቅደም በሚለው ላይ ነው። እኔ በመጀመሪያ የምጠይቀው «አንቺም ሆንሽ ጓደኛሽ ተመርምራችኋል? ኮንዶም ልጠቀም ብትዪው እሺ ይልሻል?» ብዬ ነው። እሺ የማይል ከሆነ ኤች አይ ቪን አስቀድሞ የሚከላከለው መድኃኒት አለ፤ ለምርመራና ለእርሱ ልልካት እችላለሁ።

አዋላጅ ነርስ፦
ይጠየቅ፤ እኔም እጠይቃለሁ። ይሁን እንጂ ዘዴዎቹን መዘርዘር ስጀምር ያንን ቁጥር በቅድሚያ እነግራታለሁ። ሰምታው እንክብል ከመረጠች እንክብሉን ከኮንዶም ጋር እሰጣታለሁ። ሁለት ተከታታይ እንክብል ካመለጣት የመጨረሻውን እንዳስታወሰች ወዲያው ውጣ ቀሪውን እንድትቀጥልና ለ7 ቀን ኮንዶም እንድትጠቀም እነግራታለሁ። ኮንዶሙ ከተቀደደም ድንገተኛ መከላከያውን በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠን ግን በዚያው ዕለት እንድትወስድ፣ የመዳብ ሉፕም እስከ 5 ቀን ድረስ ለዚሁ እንደሚያገለግል ነግሬአት ነው የምሸኛት።